ስንጥቁ ላይ የረጨሁት ሰማያዊ

ሐምሌ 2፣ ረቡዕ

ኤልናታን ዛሬ ከሞተር ወደቀ። ከእሱና ከእኔ በቀር ማንም አያውቅም።

እማዬ ከገበያ አልተመለሰችም ነበር። ዝናቡ ቆርቆሮውን ስለሚደበድበው የግቢው በር ሲከፈት አልሰማሁም። ብቅ ስል ሞተሩን እየገፋ ሲገባ አየሁት። ሱሪው ጉልበቱ ላይ ተቀዷል፣ ጃኬቱ ጭቃ በጭቃ ሆኗል።

«አንሸራተተኝ» አለ። «ምንም አልሆንኩም። ደግሞ እንደዚህ አትዪኝ፣ ሬሳ ያየሽ መሰልሽ እኮ።»

ይስቅ ነበር። ከንፈሩ ግን ነጭ ሆኗል።

ከዚያ ሄልሜቱን አሳየኝ። በቀኝ በኩል ጥቁሩ ቀለም ተፍቆ አልቋል፤ ከግንባሩ ጀምሮ እስከ ጆሮው ድረስ ደግሞ ተሰንጥቋል። ጥፍሬን ባስገባው ገባ።

«እማዬ እንዳታይ» አለኝ። «ምን እንዳለች ታውቂያለሽ።»

አውቃለሁ። ሞተሩ የአጎታችን የጋሼ ደምሴ ነው። ኤልናታን ዕቃ እያደረሰ እንዲሠራበት ሲሰጠው እማዬ ብዙ ጸልያ ነው እሺ ያለችው። «የወደቅህ ቀን ቁልፉን ለወንድሜ እመልሳለሁ» አለች። እማዬ እንዲህ ካለች አለች ነው። ከሞተሩ በፊት ኤልናታን ሥራ አጥቶ ቤት ሲውል፣ ጣሪያ እያየ ተጋድሞ ከማናችንም ጋር አይነጋገርም ነበር። ያንን ጊዜ ሁለታችንም አንወደውም።

«ስዕል ትችዪ የለ? ቀቢልኝ። ቀለም መቀየር አማረኝ እንላለን።»

«እሺ» አልኩ።

«እሺ አይበቃም። ማይልኝ።»

«እማዬ መሐላ አትወድም…»

«እማዬ አሁን እዚህ አለች? ‹ኤልናታን ይሙት› በይ።»

«ኤልናታን ይሙት፣ አልናገርም» አልኩ።

ጉንጬን ቆንጠጥ አደረገኝና ገብቶ ተኛ። እኔ ግን እራት አልበላ አለኝ። በቤታችን እንዲህ ተብሎ አይማልም። ጎረቤት ሲምል እንኳ እማዬ ጆሮዋን ትይዛለች።


ሐምሌ 3፣ ሐሙስ

እማዬ እንደወጣች ጀመርኩ። የውስጡን ስፖንጅ አወጣሁ፣ መስታወቱን ፈታሁ፣ የተፋቀውን በብርጭቆ ወረቀት አለሰለስኩ። ስንጥቁን በስቱኮ ሞላሁት። ስቱኮው አከራያችን እትዬ የሺ ቤታቸውን ሲያሳድሱ የተረፈ ነው።

እስኪደርቅ የእማዬን ልብሶች ተኮስኩ። እማዬ አዲስ ከተማ ገበያ ልባሽ ጨርቅ ትሸጣለች። የስምንተኛ ክፍል ፈተና ወድቄ ትምህርቱን ከተውኩ ወዲህ ማጠቡ፣ መተኮሱና ቁልፍ መትከሉ የእኔ ሥራ ነው።

ስቱኮው አልደረቀም። ጣቴን ባሳርፍበት አሻራዬ ቀረበት። ብርድ ነው፣ ሁሉ ነገር እርጥብ ነው።

ኤልናታን እስከ ምሳ ተኛ። ዝናብ ለእንቅልፍ ይመቻል።


ሐምሌ 5፣ ቅዳሜ

ፒያሳ ሄጄ ቀለም ገዛሁ። መንገዱን ሁሉ «ሰማያዊ የሚረጭ ቀለም አለ?» እያልኩ በልቤ ስለማመድ ነበር። ሱቁ በር ላይ ወንዶች ቆመው ስላየሁ አልፌ ሄድኩ። ዞሬ ስመጣም አልሄዱም። እንደገና ሳልፍ ባለሱቋ ራሷ ጠራችኝ።

«አንቺ ልጅ፣ ሱቁን ልትዘርፊው ነው እንዴ የምትዞሪው? ግቢ!»

ሰዎቹ ሳቁ። የተለማመድኩት ሁሉ ጠፋኝ። ጣሳውን በጣቴ አሳየኋት።

«ለምንሽ ነው?»

«ለሄልሜት።»

«በዚህ ብርድ? አይደርቅልሽም እኮ። ይነጣል፣ ይጨማደዳል። ጣሳውን ለብ ያለ ውኃ ውስጥ አቁሚው፤ የፈላ እንዳይሆን፣ ይፈነዳል። ስስ ስስ አድርገሽ ርጪ፣ አንዱ ሳይደርቅ ሌላ አትደርቢ። ደግሞ ውጭ ርጪ፣ ሽታው ራስ ያዞራል።»

«ውጭ ዝናብ ነው» አልኩ። እንዴት እንዳወጣሁት አላውቅም።

«እንግዲህ ፀሐይ ጠብቂያ! ሠርግ አለብሽ?»

ሰዎቹ እንደገና ሳቁ። ስወጣ መልሴን ረስቼ ነበር፤ ጠርታ ሰጠችኝ።


ሐምሌ 6፣ እሑድ

ኤልናታን ከቸርች ቀረ። «ራሴን አመመኝ» አለ። እማዬ «ትናንት ዝናብ መቶህ ነው» ብላ ብርድ ልብስ ደረበችለት።

የወጣቶች ፕሮግራም ላይ አንድ አንድ የምስጋና ርእስ ተናገሩ ተባለ። ተራዬ ሲደርስ ተነሣሁ። ወንድሜ ወድቆ ስለተረፈ ነበር ማለት የፈለግሁት። «አመሰግናለሁ» ብቻ ብዬ ተቀመጥኩ። መሪው «በምን ጉዳይ?» ሲል ሁሉም ዞረው አዩኝ። ሌላዋ ልጅ ቀጠለች።


ሐምሌ 8፣ ማክሰኞ

ዛሬ ረጨሁ። የረጨሁት በኤልናታን ክፍል ውስጥ ነው፤ ከጓሮ ስላለች እማዬ ብዙ አትገባባትም፣ ዝናብም አያፈስባትም። መስኮቱን ዘጋሁ፤ ከተከፈተ እርጥቡ አየር ይገባል። ከሰል አቀጣጥዬ ክፍሉን ካሞቅሁ በኋላ ምድጃውን ወደ ውጭ አወጣሁ። ሄልሜቱን ከቆርቆሮ ባልዲ ላይ ደፋሁት። ጣሳውን ለብ ያለ ውኃ ውስጥ አቆምኩና ነቀነቅሁ፣ ውስጡ ያለችው ኳስ እስክትንኳኳ።

መጀመሪያ ሲያርፍ እንዴት ያምራል! እንደ ከተማችን ሐይቅ ነው፣ ከዝናብ በፊት እንደሚጠቁረው። እኔ የሠራሁት አይመስልም። ከዚያ ዓይኔ እያየ ነጣ። ወተት የፈሰሰበት መሰለ። ደንግጬ ደረብኩበት፤ ወርዶ ተንጠባጠበ። ከዚያ ተጨማደደ፣ ልክ በስንጥቁ መስመር ላይ። ከተሸበሸበው ሥር ስንጥቁ ከበፊቱ ጎልቶ ታየ።

ኤልናታን ከሥራ ሲገባ ሽታው ፊቱን መታው። ራሱን በሁለት እጁ ይዞ አልጋው ጠርዝ ላይ ቁጭ አለ።

«በቀለምሽ ልትገድይኝ ነው?» አለ።

እየቀለደ ነው። ግን ደነገጥኩ። ቃሉን ባይናገረው ጥሩ ነበር።


ሐምሌ 9፣ ረቡዕ

የተጨማደደውን ሁሉ በብርጭቆ ወረቀት አነሣሁት። እጄ ቆሳስሏል። እንደገና ስቱኮ።


ሐምሌ 11፣ ዓርብ

ስስ ስስ አድርጌ ረጨሁ። አልነጣም! ሴትዮዋ ልክ ናት፣ መጠበቅ ነው። በየመሐሉ ወጥቼ ልብስ እተኩሳለሁ፣ ተመልሼ እረጫለሁ። ማታ ስንጥቁ የለም። ጣቴን ባሳልፍበት ምንም የለም፤ መስታወት ነው።

የኤልናታን ጓደኛ ክብሩ መጥቶ አየው። እሱም ሞተር ይነዳል። «ናቲ፣ ይሄን ማን ሠራው?» ሲል ኤልናታን አገጩን ወደ እኔ ቀሰረ። «ይቺ? ይቺ ትናገራለች እንዴ?» «አትናገርም፤ ትረጫለች» አለ ኤልናታን። ክብሩ የእሱንም እንድቀባለት ለመነኝ። ሰው ሲለምነኝ ይህ የመጀመሪያ ነው። ዛሬ ደስ ብሎኛል፤ መጻፍ አለብኝ ብዬ ነው።

ኤልናታን ከእኛ ጋር ብዙ አልተቀመጠም። መብራቱ ዓይኔን ወጋኝ ብሎ አጥፍቶ ተኛ። ሽታው ገና አልወጣም።


ሐምሌ 13፣ እሑድ

እማዬ ደረሰችብን። ስለ መውደቁ አይደለም፣ ስለ ቀለሙ። ከቸርች ስንመለስ ኤልናታን ደጃፉ ላይ ሲያስታውክ አገኘነው። እማዬ ልትደግፈው ክፍሉ ስትገባ ሽታው አፈናት። ሄልሜቱን አየች። አነሣችው። 

ወዲህ ወዲያ አገላበጠችው። አውራ ጣቷ በስንጥቁ ላይ አለፈ። «ሀሴት፣ አንቺ ነሽ?» አለች። «እጅሽን ጌታ ይባርከው፣ እንዴት ያምራል! ግን ልጄ፣ ሰው የሚተኛበት ቤት ውስጥ?»

እትዬ የሺ ድምፅ ሰምተው ነጠላቸውን ደርበው መጡ።

«ቀለም ከከሰል ጋር! በሉ ያለ ነገር አላስታወከም፣ መርዝ እኮ ነው» አሉ። «ወተት ስጡት። የጋራዥ ቀለም ቀቢዎችን አላያችሁም? ወተት ሳይጠጡ አይውሉም። ወተት ደረት ያጥባል።»

ኤልናታን አየኝ። ከዚያ «አዎ፣ ቀለሙ ነው» አለ።

እኔም «ይቅርታ እማዬ፣ የእኔ ጥፋት ነው» አልኩ። በቶሎ ነው ያልኩት። ሁሉም አዩኝ፤ እንዲህ በቶሎ ተናግሬ አላውቅም።


ሐምሌ 15፣ ማክሰኞ

እማዬ ጠዋትና ማታ ወተት እየገዛች ታጠጣዋለች። በእጇ ብርጭቆውን ይዛ እስኪጨርስ ትቆማለች፣ እንደ ሕፃን።

እኔ ሄልሜቱን ጓሮ፣ ከመታጠቢያው ጥላ ሥር ወስጄዋለሁ። የክፍሉን ወለል በሳሙና አጠብኩ፣ አንሶላውን ቀየርኩ፣ ቀኑን ሙሉ መስኮቱን ከፍቼ አዋልኩ። ሽታው ይወጣል። ሲወጣ ይሻለዋል።


ሐምሌ 17፣ ሐሙስ

ክፍሉ ሳሙና ሳሙና ነው የሚሸተው። ደጋግሜ አሸተትኩት። ግድግዳውን ሳይቀር አሸተትኩት።

ኤልናታን ዛሬም ራሱን አስሮ ተኛ።

ምናልባት ደሙ ውስጥ የገባው ቀስ እያለ ነው የሚወጣው።


ሐምሌ 18፣ ዓርብ

ለሥራ ወጥቶ ሳይቆይ ተመለሰ። ዕቃውን የሚያደርስበት ቤት ጠፋኝ አለ። ባህል አዳራሽ አካባቢ ነው፣ ሁልጊዜ የሚሄድበት ሰፈር። ክብሩ «ፍቅር ይዞሃል ልጄ!» ብሎ ሳቀበት። ኤልናታን ተቆጣ። ክብሩ ላይ ሲቆጣ አይቼ አላውቅም።

ክብሩ ሲወጣ በሩ ላይ «ምን ነካው?» አለኝ። ትከሻዬን ነቀነቅሁ።


ሐምሌ 20፣ እሑድ

ሻዩ ውስጥ ስኳር ጨምሮ አማሰለ፣ ከዚያ እንደገና ጨመረ። አልቀመሰውም።

የግራ ጫማው ሲሄድ መሬቱን ይፍቃል። ጫማው አርጅቷል።

እማዬ በምሳ ሰዓት፦ «ያ ቀለም አጥንቱ ድረስ ገብቶበታል።» ወተቱን ዛሬ አስታወከው።

ሄልሜቱን ማየት አስጠላኝ። ጨርቅ ሸፈንኩበት። ክብሩ የራሱን አምጥቶ አስቀምጦ ሄዷል፤ አልጀመርኩትም።


ሐምሌ 22፣ ማክሰኞ

እማዬ ገበያዋን ዘግታ ጤና ጣቢያ ወሰደችው። እኔም ጃንጥላ ይዤ ተከተልኩ።

ባለሙያዋ ወጣት ናት፣ ቀስ ብላ ነው የምትጠይቀው። ትኩሳት አለህ? የለም። ያስመልስሃል? አዎ። ከመቼ ጀምሮ? እማዬ መለሰች፣ «ልጄ ቤት ውስጥ ቀለም ስትረጭ ነው የጀመረው።» ባለሙያዋ አየችኝ። መሬት መሬት አየሁ።

«ወድቀህ ነበር? ራስህን የመታህ ነገር አለ?»

«የለም» አለ ኤልናታን። ፈጥኖ ነው ያለው።

ያኔ ዝም አልኩ። እሱ አጠገቤ ተቀምጧል፣ ጉልበቱ ጉልበቴን ነክቷል። አፌን ብከፍት ምን ይወጣ እንደነበር አላውቅም። እኔ ያልኩት «ይሙት» ነው። «ይታመም» አላልኩም። ብናገር የሚሆነው የትኛው ነው?

የራስ ምታት ክኒን ሰጠችው፣ ካልተሻለው ወይ ከባሰበት በቶሎ ሆስፒታል ውሰዱት አለች። ስንወጣ እማዬ «አየሽ፣ ደግ ልጅ ናት፣ አላስፈራራችንም» አለች።

ቤት ገብቼ ብዙ ልብስ አጠብኩ። ፀሐይ የለም። የሚደርቅበትም የለ።


ሐምሌ 23፣ ረቡዕ

እማዬ ውኃ ስትቀዳ ክፍሉ ገባሁ። መጋረጃው ተዘግቷል።

«ኤልናታን፣ እንንገራት።»

«ምኑን?»

«መውደቅህን።»

«መቼ ነው የወደቅሁት?» አለ። እየቀለደ መስሎኝ ፊቱን አየሁ። አይቀልድም። ከዚያ ቀስ ብሎ ታወሰው። «እሱማ አለፈ። ጉልበቴ እንኳ ድኗል። ሞተሩን እንድትወስድብኝ ነው የምትፈልጊው?»

«አይደለም፣ ግን…»

«ምለሻል። በስሜ ነው የማልሽው። ብትናገሪ በእኔ ላይ ነው።»

ወጣሁ። ያንን ባይለኝ ይሻል ነበር። ወይስ ስላለኝ ነው ደስ ያለኝ? አሁን ዝም ብል በእሱ ምክንያት ነው። ይህን ከጻፍኩ በኋላ ልሰርዘው አሰብኩ። ይቅር።


ሐምሌ 25፣ ዓርብ

ጎረቤቶች መጥተው ጸለዩለት። እትዬ የሺ፣ ኦርቶዶክስ ሆነው፣ በር ላይ ቆመው አሜን ይሉ ነበር። አንዷ ሴትዮ ስትወጣ ለእማዬ፦ «ልጅቷን ቀለም ከለክያት፣ ነገ ደግሞ ሌላ ሰው ታሳምማለች» አለች። እማዬ «ልጄ ነች፣ አውቃ አላደረገችውም» ብላ መለሰችላት።

አውቃ አላደረገችውም።

ጸሎቱ ሁሉ ስለ ቀለሙ ነበር። «ከደሙ አውጣለት» እያሉ። እግዚአብሔር ምን እንደሆነ ያውቃል፤ ሳይነግሩትም ያውቃል። ታዲያ የሚጠብቀው ማንን ነው?


ሐምሌ 26፣ ቅዳሜ

የሆስፒታል መተላለፊያ ላይ ነኝ፤ በኪሴ ባገኘሁት ወረቀት ነው የምጽፈው፤ በኋላ እገለብጠዋለሁ።

ጠዋት ወተቱን ሲቀበል ብርጭቆው ከግራ እጁ ወደቀ። እጁን አየው፣ የሌላ ሰው እጅ ይመስል። «እማዬ» አለኝ። እኔን ነው። «እማዬ፣ ብርድ ነው።» ከዚያ ዓይኑን መግለጥ አቃተው።

በባጃጅ ነው የመጣነው። እማዬ ጭንቅላቱን ደረቷ ላይ ይዛ በሲዳሙ አፎ፣ በእናቷ ቋንቋ፣ ትጸልይ ነበር፤ ስትጨነቅ በአማርኛ አትጸልይም።

ዶክተሩ መጣ። የዓይኑን ብሌን በባትሪ አየ። «ምን ሆኖ ነው?»

«ቀለም ነው ዶክተር» አለች እማዬ። «የሚረጭ ቀለም፣ ቤት ውስጥ፣ በከሰል እየሞቀ። ወተት ስሰጠው ነበር፣ ጠዋትም ሰጥቼዋለሁ…»

«ምን ዓይነት ቀለም? ስንት ጊዜ?»

«ወድቋል» አልኩ።

ማንም አልሰማኝም። እማዬ ስለ ቀለሙ ትናገራለች፣ ነርሷ ደም ግፊቱን ትለካለች፣ ዶክተሩ «ጣሳው አለ? ስሙ ምን ይላል?» እያለ ይጽፋል። ድምፄ ከራሴ ከንፈር አላለፈም።

ኤልናታንን አየሁት። አፉ ከፈት ብሏል። ብናገር ይሞታል። ዝም ብል…

«ወድቋል!» አልኩ። ጮኼ ነው። መተላለፊያው ላይ ያሉት ሁሉ ዞሩ። «በሐምሌ ሁለት ከሞተር ወድቋል። በቀኝ በኩል። ሄልሜቱ ተሰንጥቋል። ስንጥቁን የደፈንኩትና የቀባሁት እኔ ነኝ። ቀለሙ አይደለም። ክፍሉን አጥቤዋለሁ፣ ሽታው ወጥቷል፣ አልተሻለውም። ቀለሙ አይደለም!»

ዶክተሩ እስክሪብቶውን አነሣ። «ከየት እስከ የት ተሰንጥቋል?»

በራሴ ጭንቅላት ላይ በጣቴ አሳየሁት። ወዲያው አልጋውን እየገፉ ወሰዱት፤ የጭንቅላቱን ፎቶ በማሽን ሊያነሡ።

እማዬን እስካሁን ቀና ብዬ አላየኋትም።


ሐምሌ 27፣ እሑድ

ሌሊቱን ቀዶ ሕክምና አደረጉለት። ደም ነው አሉ፤ ከወደቀ ጀምሮ በጭንቅላቱ ውስጥ ቀስ እያለ ሲጠራቀም ኖሯል፣ አንጎሉን ሲጫነው። «ሄልሜቱ ባይኖር እዚያው አስፋልቱ ላይ ይቀር ነበር» አለ ዶክተሩ። «ግን አንዴ ከተሰነጠቀ ሥራውን ጨርሷል። ማንም እንዳያደርገው።» ይድናል ወይ ስትለው እማዬ፣ «እስኪነቃ እንጠብቅ» አላት።

አልነቃም።

አግዳሚው ላይ ጎን ለጎን ተቀመጥን። ቀስ ብላ ተናገረች። ጮኻ ብትቆጣኝ ይሻለኝ ነበር።

«እኔ ወተት ሳጠጣው አንቺ ታዪኝ ነበር።»

«አዎ።»

«ብርጭቆውን የምታጥቢውም አንቺ ነበርሽ።»

«አዎ እማዬ።»

«ለምን?»

ስለ መሐላው ነገርኳት። ቃሉን ራሱን ደግሜ ማለት ስላልቻልኩ በዙሪያው ዞርኩ፤ ገባት። «አሁን ስለተናገርኩ ነው የማይነቃው?» አልኳት። እንደ ሕፃን ነው ያልኩት፣ አውቃለሁ።

ዞራ አየችኝ። ዓይኗ ቀልቷል።

«አንቺ ማን ሆነሽ ነው በአፍሽ የሚሞተው?» አለች። «እኔ የወለድኩት ልጅ በአንቺ አፍ ይሞታል? ልክሽን እወቂ።»

ተቆጥታ ነው። ግን ከደረቴ ላይ ድንጋይ የተነሣ መሰለኝ።  ሲመሽ ብርድ ሆነ፤ የጋቢዋን ጫፍ ጎትታ ጉልበቴ ላይ ጣለችው። ፊቷን ግን አላዞረችም።


ሐምሌ 28፣ ሰኞ

ጣቱን አንቀሳቀሰ። የቀኙን።


ሐምሌ 29፣ ማክሰኞ

ነቃ! «ጠማኝ» አለ። ስሟን ጠራ፣ የእማዬን፤ «ገበያነሽ» ብሎ፣ ለማስሳቅ። እማዬ እየሳቀች አለቀሰች።

እኔ በር ላይ ነበርኩ። አልገባሁም።


ነሐሴ 2፣ ዓርብ

ገባሁ። ጭንቅላቱ ተላጭቷል፣ ፋሻ አለበት፣ ጉንጩ ገብቷል። ጋሼ ደምሴ ሊጠይቀው መጥቶ አጠገቡ ተቀምጧል። የሞተሩን ቁልፍ ከእማዬ ተቀብሏል፤ አየሁት፣ ኪሱን ይነካካል። ለኤልናታን «ስትድን ሌላ ሥራ እንፈልጋለን» አለው። መድኃኒትና ፍራፍሬ ገዝቶ መጥቷል፤ ደግ ሰው ነው። ስለ ሞተሩ ግን አልደራደርም ብሏል።

አጎቴ ሲወጣ ኤልናታን «ማን ነው የነገራቸው?» አለ።

እማዬ ብርቱካን ትልጥ ነበር። እጇ ቆመ። ልታድነኝ የምትችልበት ቃል እየፈለገች መሰለኝ። እማዬ ግን ውሸት አትችልም።

«እኔ ነኝ» አልኩ።

ወደ ግድግዳው ዞረ። በዝግታ ነው የዞረው፣ ስለሚያመው።


ነሐሴ 7፣ ረቡዕ

ቤት ገብተናል። የግራ እጁ ገና ደካማ ነው፤ ኳስ ጨምቅ ብለውታል፣ ይጨምቃል። ከእማዬ ጋር ያወራል፣ ከእትዬ የሺም ጋር ይቀልዳል፤ «ወተትዎን ጠጥቼ ነው የዳንኩት» ይላቸዋል፣ እሳቸውም «አላልኩም!» ይላሉ። ለእኔ ግን ምንም። ምግቡን ሳቀርብ ይበላል፣ ሳነሣ ዝም። ሞተሩ የቆመበት ቦታ የዘይት ነጠብጣብ ቀርቷል። ሲያልፍ ያየዋል።

ዝምታ እኔ የማውቀው ነገር ነበር። ሌላ ሰው ሲይዘው እንዲህ እንደሚከብድ አላውቅም ነበር።

ሰማያዊውን ሄልሜት እማዬ በመዶሻ መትታ ሰበረችው፣ ማንም አንሥቶ እንዳያደርገው። የሚያምረው ጎን መጨረሻ ነው የተሰበረው። ቁርጥራጩን ጠርጌ ጣልኩ።

ይቆጣ፤ ተቆጥቶ ይኑር። ይህን አምኜበት ነው የምለው? በቀን አዎ። ሲመሽ ያንን የተቆነጠጠውን ጉንጬን እነካለሁ።


ነሐሴ 10፣ ቅዳሜ

ክብሩ መጣ። ኤልናታን በክፍሉ ተኝቷል፣ በሩ ገርበብ ብሏል፤ እኔ ደጃፉ ላይ ልብስ እተኩሳለሁ። ያስቀመጠውን ሄልሜት መልሼ ልሰጠው ሳነሣው፣ አይ፣ አይ፣ አለ።

«መቀባትሽ የት ቀረ? ሰማያዊ አልፈልግም፤ ቀይ፣ በጎኑ እሳት አድርጊበት።»

ሄልሜቱን ገለበጥኩት። የውስጡን ስፖንጅ ሳብኩ። ከኋላ በኩል፣ ከቅርፊቱ ሥር ያለው ነጩ ነገር ለሁለት ተከፍሏል። ከላይ ፕላስተር ተለጥፎበታል።

«ይሄ ምንድን ነው?» አልኩ።

«እሱ? እሱን ተይው፣ ባለፈው ዓመት ነው። ያንቺ ቀለም ይሸፍነዋል።»

«አልቀባም።»

«ምን አልሽ?»

«አልቀባም። ተሰንጥቋል። ይሄንን አድርገህ ብትወድቅ አያድንህም። ሌላ ግዛ።»

ክብሩ ሄልሜቱን አየ፣ እኔን አየ። ከዚያ መሳቅ ጀመረ። «ናቲ! ናቲ፣ ሰማህ? ይቺ እህትህ ምላስ አበቀለች እኮ! ና አስታርቀን፣ ቀቢለት በላት።»

 የመተኮሻ ብረቱ እንፋሎት ፊቴን አቃጠለኝ፤ አነሣሁት። ክብሩ ወደ በሩ አንገቱን አስግጎ ጠበቀ። እኔም ሸሚዙን እያየሁ ጠበቅሁ። የየትኛው ሰው ሸሚዝ እንደነበር እግዜር ይወቀው፣ ቁልፎቹን ሁሉ ቆጠርኳቸው።

«ክብሩ» አለ ኤልናታን ከውስጥ።

«አቤት!»

«አልቀባም አለችህ አይደል?»

«አዎ፣ ግን…»

«ግን የለውም። ወይ አዲስ ግዛ፣ ወይ በእግርህ ሂድ።»

ክብሩ እያጉረመረመ ሄልሜቱን ብብቱ ሥር አድርጎ ወጣ። የግቢው በር ተዘጋ። ብረቱን መልሼ ሸሚዙ ላይ አሳረፍኩ። 

ከውስጥ አልጋው ሲንቋቋ ሰማሁ፤ ወደ በሩ በኩል ተገላብጧል ማለት ነው።

«ሀሴት» አለ። «ውኃ አምጪልኝ።»

ብረቱን አጥፍቼ ሄድኩ።